ሦስተኛዋ አጣቢ

ሻማ ይሉታል። በቲያትር ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ትርኢቱ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ። ሰው ሁሉ በጨለማ ሲያጉረመርም፣ እሱ ከአዳራሹ ኋላ ካለችው ጠባብ የመብራት ክፍል ውስጥ ሻማ ለኩሶ የፊውዝ ሳጥኑን ሲፈልግ ታየ። ተመልካቹ መድረኩን ትቶ፣ ወንበሩ ላይ ተጠማዝዞ እሱን ያይ ጀመር። መብራቱ ሲመጣ የተጨበጨበው ለተዋንያኑ ሳይሆን ለእሱ ነበር። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ፤ ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀረ።

ባለቤቱ ከሞተች አራት ወር ሆኗታል። እሷም የዚያው ቲያትር ቤት ሰው ነበረች፤ አጃቢ ድምፃዊት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት መድረክ ላይ ስትወጣ ስትወርድ ኖራ አንድም ቀን ፎቶዋ በሩ ላይ አልተለጠፈም። ገበያተኛ ሆናለች፣ ስደተኛ ሆናለች፣ የንግሥት ደንገጡር ሆናለች፤ በአንድ የሕፃናት ቲያትር ላይ ደግሞ ዛፍ ሆናለች። «ለእኔ የሚሻለኝ ዛፉ ነው፤ መቆሚያዬን አልስትም» ትል ነበር እየሳቀች።

ኩላሊቷ ነው የገደላት። ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ አንሶላ ልትቀይር ስትገባ አርፋ አገኘቻት። ሻማ በዚያች ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን የጣሪያ መብራት አንጋጦ እያየ «ስታርተሩ ነው የተበላሸው» እያለ ያስብ ነበር። ነርሷ መጥታ ስትነግረው «እሺ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻማ አላለቀሰም። አልሞከረም አይባልም። አንድ ሁለት ጊዜ በር ዘግቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቷን እያሰበ ጠብቋል፤ እንባ ግን ጠብ አላለውም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ማደንዘዣ የተወጋ ድድ እንዴት ነው? ሲነኩት ይታወቃል፣ ሕመሙ ግን የለም። ሻማ መላ ሰውነቱ እንዲያ ሆኖበት ነበር። ጢሙን ይላጫል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ሰው ሲያናግረው ይመልሳል። በዘጠነኛው ቀን ሥራ ገባ። ባልደረቦቹ ምን እንደሚሉት ጨንቋቸው ሲያፈገፍጉ፣ እሱ መሰላሉን አቁሞ የተቃጠለ አምፖል መቀየር ጀመረ።

ይህ ነገር የሚስቱን ታላቅ እህት አላስደሰተም። እኚህ ሴት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ «ግፊ» እና «ተንፍሺ» ሲሉ ስለኖሩ ድምፃቸው ትእዛዝ እንጂ ወሬ አይመስልም። ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። አንድ ቀን በደረጃው ላይ ለአንዲት ዘመድ «እህቴ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከግንድ ጋር ነው የኖረችው» ሲሉ፣ ሻማ ከላይ ቆሻሻ ሊጥል እየወረደ ነበርና ጥርት አድርጎ ሰማቸው። አልተቆጣም። ቁጣውም ከሐዘኑ ጋር አብሮ የሄደበት ይመስላል። ቆሻሻውን ጥሎ ተመለሰና እጁን ታጠበ።

አንድ ሐሙስ ልጁ ደወለች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከባሏ ጋር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች።

«አባዬ፣ ቴሌቪዥን አይተሃል?»

«አላየሁም። ምነው?»

«የአጣቢዎቹን መንደር ሊያሳዩት ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ማስታወቂያው ሲነገር ክኒን እየቆጠርኩ ነበር፤ ደንግጬ ስንት ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ።»

«የትኛውን ቀን ይሆን የቀረጹት?»

«እኔ ምን አውቄ። እማዬ አለችበት እኮ።»

«አለችበት» አለ ሻማ። «ሦስተኛዋ አጣቢ።»

«ማየት አልፈልግም ካልክ ይገባኛል።»

«ለምን አልፈልግም?» አለ። የምሩን ነበር የጠየቃት። መፈለግ የሚባለው ነገር ከጠፋበት ሰንብቷል፤ አለመፈለጉም እንደዚያው።

«እንግዲያው አክስቴንም እጠራታለሁ።»

«ደህና ታደርጊያለሽ» አላት። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን እጠራለሁ ብትለውም መልሱ ይኸው ነበር።

«የአጣቢዎቹ መንደር» ከሦስት ዓመት በፊት አርባ አንድ ጊዜ የታየ ሙዚቃዊ ቲያትር ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንድ ሀብታም ወንዙን ጠልፎ ወደ እርሻው ሊወስድ ይነሳል፤ በወንዙ ዳር ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ ስምንት ሴቶች ይቃወሙታል፤ የሀብታሙ ልጅ ደግሞ የአጣቢዎቹን ታናሽ ይወዳል። ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ በመጨረሻ ወንዙ ይመለሳል። ሦስተኛዋ አጣቢ ከሌሎቹ ጋር ትዘምራለች፣ ትጨምቃለች፣ ታሰጣለች። ለብቻዋ የምትናገረው ግን አንድ ነገር ነበራት፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተሰጣት የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ንግግር፦ «ውሃው ቀንሷል።» ሁለት ቃል፣ በቃ።

ያን ሰሞን ቤታቸው የቧንቧው ውሃ በቀጠነ ቁጥር፣ ሳህኑን እንደያዘች ቀና ብላ በመድረክ ድምጿ «ውሃው ቀንሷል» ትላለች። ሻማም ከሳሎን «ሀብታሙ ነው» ይላታል። ቀልዱ ሲደጋገም ለዛውን አጣ፤ ለዛውን ካጣ በኋላ ደግሞ ቀልድነቱ ቀርቶ የቤቱ ቋንቋ ሆነ።

እሁድ ሻማ ቤቱን ጠረገ። ቴሌቪዥኑን አቧራውን ወልውሎ ትንሽ ወደ ግራ አዞረው፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ። ልጁ በስምንት ሰዓት ብስኩት ይዛ መጣች፤ ሳመችውና ፊቱን ትንሽ አየት አድርጋ ሻይ ልትጥድ ገባች። እትዬ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሱ። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ተራ እንደሚጠብቅ ታካሚ።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። እርስዎስ?»

«ደህና መሆንህንማ አያለሁ» አሉት።

ልጁ ከኩሽና ሆና ይህን ስትሰማ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

ደግነቱ በዚያው ቅጽበት ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው የአውቶቡስ ሾፌር የራሱን ወንበር ተሸክሞ ገባ። የእሱ ቴሌቪዥን ተበላሽቶበት ነበር፤ ሟችንም ይወዳት ነበር። «ወንበሬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ትርፍ መጫን ክልክል ነው» አለ። ማንም ባይስቅለትም ቅር አላለውም፤ መሄጃ መንገዱን እንዳልዘጋ አረጋግጦ፣ ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አቆመ።

ቲያትሩ በሰዓቱ ጀመረ። መጋረጃው ተከፈተ፤ ንጋት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰማይ ከግራጫ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ሻማ ሰው አላየም። «ሐምራዊው ዘገየ» አለ።

እትዬ አንገታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ጠርዝ አዩት።

አጣቢዎቹ ቅርጫታቸውን በራሳቸው ተሸክመው እየዘመሩ ገቡ። አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ። ልጁ የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሦስተኛዋ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች፤ ሰማያዊ ቀሚስ፣ እስከ ክርን የተሰበሰበ እጅጌ። «ያችውና» አለች ልጁ በሹክሹክታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ይመስል። ወዲያው ካሜራው ዘወር ብሎ የሀብታሙን ፊት አመጣ። ሀብታሙ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ፊቱም ሆዱም ሰፊ ነበርና ስክሪኑን ሞላው።

«ይሄ ካሜራማን ምን ነካው?» አለ ሾፌሩ። «ስምንት ሴት ቆማ ወፍራሙን ሰውዬ ብቻ!»

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ትታያለች፤ ካሜራው ይዞራል። ትከሻዋ ይመጣል፣ የቅርጫቷ ጫፍ ይመጣል፣ የተጨመቀ ልብስ ስታራግፍ ሁለት እጇ ይመጣል። ልጁ በመጣች ቁጥር ወደፊት ጠጋ ትላለች፤ በጠፋች ቁጥር ወደኋላ ትመለሳለች። እትዬ መሐረብ አውጥተው በጡጫቸው ጨብጠዋል። ሻማ ግን ሁሉንም እንደ ሥራ ያየው ነበር። ስድስተኛው ፓውዛ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መሆኑን አየ። በዝናቡ ትዕይንት ላይ መብረቁ ሁለቴ መሆን ሲገባው ሦስቴ መብረቁን አየ፤ ያን ምሽት ጣቱ አዳልጦት እንደነበር ትዝ አለው። ባለቤቱ መሆኗን ያውቃል፣ መሞቷንም ያውቃል። ሁለቱ እውቀቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ እንደማይተዋወቁ ሁለት መንገደኞች።

ንግግሯ የሚመጣው ከመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ በፊት ነው። ሙዚቃው ቆመ። አጣቢዎቹ ዝም አሉ። ልጁ የአባቷን ክንድ ያዘች። ካሜራው ግን አሁንም በዚያች ደቂቃ የታናሽቱን አጣቢ ቆንጆ ፊት ነበር የሚያሳየው፤ ባዶ መሬት እያየች ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ። እና ከስክሪኑ ውጪ፣ ከወደ ግራ፣ ያ ድምፅ መጣ።

«ውሃው ቀንሷል።»

ድምፁ የመድረክ ድምፅ አልነበረም፤ ያን ምሽት ደክሟት ይሁን እንጃ፣ በዝግታ፣ ሳህን እያጠበች እንደምትለው ነበር ያለችው። ልጁ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን በአባቷ ትከሻ ቀበረች። እትዬ መሐረባቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሾፌሩ ጫማውን አቀርቅሮ ተመለከተ።

ሻማ እጁን በልጁ ጀርባ ላይ አደረገ። መልሱ አፉ ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ምላሱ ላይ ሆኖ፣ ሳይከብደውም ሳይቀለውም። አልተናገረውም። የልጁን ጀርባ መታ መታ እያደረገ ዜማው እንደገና እስኪነሳ ጠበቀ፤ ሲነሳም «እዚህ ላይ አረንጓዴው ይመጣል» አለ በልቡ። መጣ።

በእረፍቱ ሰዓት የሳሙና ማስታወቂያ፣ የቀለም ማስታወቂያ፣ እንደገና የሳሙና ማስታወቂያ ታየ። ልጁ ፊቷን ታጥባ ሻይ ቀዳች። እትዬ ብርጭቆውን ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት። ሾፌሩ አንድ ጊዜ የቲያትር ቤቱን ሠራተኞች ጭኖ ሲሄድ በመንገድ ላይ እንዴት እንደዘፈኑለት አወራ። «ባለቤትህ ከኋላዬ ነበረች የተቀመጠችው» አለ ወደ ሻማ ዞሮ። «ታርጋ የማነብላት እኔ ነበርኩ። የፊት የፊቱን መኪና፣ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ቁጥሩ ስንት ነው ትለኛለች። ለጨዋታ መስሎኝ ነበር።»

«ለጨዋታ አይደለም» አለ ሻማ። «አይታያትም።»

ሁለተኛው ክፍል በሌሊት ነው የሚጀምረው፤ የመድረክ ሌሊት። ሀብታሙ ወንዙን በገደበ ማግስት፣ አጣቢዎቹ ተደብቀው ግድቡን ሊያፈርሱ በዘጠኝ ደረጃ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። አዘጋጁ ይህ ትዕይንት ድቅድቅ ጨለማ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ ብቻ፣ ፊት የማይለይበት። ሴቶቹ በሰልፍ ወረዱ። በዚህ ጊዜ ካሜራው ከሩቅ ነው የቆመው፤ ስምንቱም አንድ ላይ ይታያሉ። ስምንት ጥላ። ከስምንቱ የአንዷ ፊት ግን በደብዛዛ ቢጫ ብርሃን ይለያል፤ የክብሪት ያህል። ደረጃ በወረደች ቁጥር ብርሃኑ እግሯ ሥር ነበር።

እትዬ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ለምንድን ነው የሷ ፊት ብቻ የሚበራው?»

ልጁም ልብ ብላ አየች። «እውነትም» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ሻማ።

«አንተ ምን?» አሉ እትዬ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከደረጃው ጎን ትንሽ መብራት አለች፤ የወተት ቆርቆሮ የምታክል። እሷ ስትደርስ አበራትና ስታልፍ አጠፋት ነበር። ሌላ ቲያትር ላይ በጨለማ ስትወርድ ደረጃ ስታ ከመድረኩ ፊት ሙዚቀኞቹ የሚቀመጡበት ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሮ አልነበር? መነጽር ልታድርግ ብትል አዘጋጁ የወንዝ አጣቢ መነጽር የላትም አላት። እና፣ እንዳትወድቅ ነው።»

ይህን ሁሉ የተናገረው የፊውዝ ሳጥን ብልሽት እንደሚያስረዳ ሰው ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ንግግር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«አዘጋጁ ዝም አለህ?» አሉት።

«የመጀመሪያው ምሽት ተቆጣ። ሦስተኛዋ አጣቢ ላይ ፀሐይ ያወጣባት ማነው አለ። ብልሽት ነው፣ አስተካክለዋለሁ አልኩት። በነጋታውም እንደዚያው አልኩት። ወደ አሥረኛው ቀን ላይ ሰለቸው።»

«አርባ አንዱንም ቀን?» አለች ልጁ።

«አርባ አንዱንም።»

እትዬ ከስክሪኑ ዓይናቸውን አላነሱም። «ታውቅ ነበር እሷ?»

«አልነገርኳትም። አንድ ቀን ብቻ ወደ ቤት ስንመለስ ‹ደረጃው ደህና ሆኗል› አለችኝ። እኔም አናጢዎቹ ሠርተውት ይሆናል አልኳት።»

አጣቢዎቹ ወንዙ ዳር ደረሱ። ግድቡን እየናዱ ሲዘምሩ ከበሮው በረታ።

«ልጅ ሆነን» አሉ እትዬ፣ ለማንም ሳይሆን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ «ትምህርት ቤት እጇን ይዤ ነበር የምወስዳት። ጥቁር ሰሌዳው አይታያትም ነበር። መምህሩ ሰነፍ ነሽ ይላታል፣ እናታችን ደነዝ ነሽ ትላታለች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንገድ ስንሻገር እጄን አጨባበጧ ነው እንደማይታያት የነገረኝ። ከዚያ በኋላ አልለቀቅኳትም፤ እስክታገባ ድረስ።» መሐረባቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ግንድ ብዬሃለሁ እኮ አንተን።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ዝም አልክ?»

«እውነት መሰለኝ» አለ ሻማ።

እትዬ ዞረው ፊት ለፊት አዩት። የአራት ወር ቂማቸውን ይዘው ቢፈልጉ፣ ፊቱ ላይ የሚጣሉት ሰው አልነበረም። የደከመ ሰው ነው ያለው፤ ጢሙን ሲላጭ ከአገጩ በታች የዘለለው ሽበት ያለበት፣ የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ የተበጠሰ። ከብስኩቱ አንዱን አንስተው በእጁ አስጨበጡትና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። እሱም በላው።

በመጨረሻ ወንዙ ተመለሰ፤ የሀብታሙ ልጅና ታናሽቱ አጣቢ ተጋቡ፤ ተዋንያኑ በረድፍ ቆመው እጅ ነሱ። እሷ ከዳር ነበረች። ስክሪኑ ቆርጧት ግማሽ ፊቷና አንድ እጇ ብቻ ታየ። ስትጎነበስ ጠፋች፤ ቀና ስትል ተመለሰች፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከዚያ የባለሙያዎቹ ስም ለማንበብ በማይቻል ፍጥነት ወደ ላይ ሮጠ፤ የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ተተካ፤ ልጁም ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ሾፌሩ ወንበሩን ተሸክሞ፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «በደንብ ነው ያበራህላት» አለውና ወጣ። ልጁ «አባዬ፣ ለጥቂት ጊዜ እኛ ጋ ብትሆንስ?» አለችው፤ ያን ወር ለአምስተኛ ጊዜ። «ሥራዬ ይርቀኛል» አላት፤ ለአምስተኛ ጊዜ። እትዬ ብርጭቆዎቹን አጥበው፣ ደርድረው፣ መርፌና ክር ከቦርሳቸው አውጥተው «ሸሚዝህን አውልቅ» አሉት። አወለቀው። ቁልፉን እስኪተክሉ በካናቴራ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ልቅሶው የሚመጣ ከሆነ አሁን ነው ብሎ አሰበ። አልመጣም። እንቅልፍ ነው የመጣው። እትዬ ክሩን በጥርሳቸው ሲበጥሱ፣ ሶፋው ላይ አንገቱን ጥሎ ተኝቶ ነበር። አልቀሰቀሱትም፤ ሸሚዙን እላዩ ላይ ጣል አድርገው ከልጅቱ ጋር ወጡ።

በሚቀጥለው እሁድ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ እትዬ በዚያው ሰዓት በሩን አንኳኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ጨዋታ ነበር። ሻማ ኳስ አያውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቦርሳቸውን በዚህ ጊዜ መሬት አስቀመጡት።

«የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?» አሉ።

«ነጭ የለበሱት ይሁኑ» አለ ሻማ።

«ይሁኑ» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን አጣምረው።

ነጭ የለበሱት ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። እትዬ ሲወጡ በሩ ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ «በረኛቸው ሰነፍ ነው፤ ለመጪው እሁድ ሌሎቹን እንይዛለን» አሉ። ሻማ «እሺ» አላቸው፤ ደረጃው ላይ ያለውን መብራት አበራላቸውና ታች እስኪደርሱ በሩን ይዞ ቆመ።